የወጋ ቢረሳ… ስለ ኮምፒውተር ቋንቋዎች ታሪክ የማይነገረን ነገር

ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሥዕል አለ። ብዙ ጊዜ በመማሪያ መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ ይገኛል። የደረጃ ቅርጽ አለው። ከሥር የማሽን ቋንቋ፣ አንደኛ ትውልድ ይላል፤ ከላዩ አሰምብሊ፣ ሁለተኛ ትውልድ፤ ከዚያ ፎርትራንና ኮቦል፣ ፓስካልና ሲ፣ ቀጥሎም ጃቫና ፓይተን እያለ ወደ ላይ ይወጣል። እኔም በተማሪነቴ ለፈተና ብዬ በቃሌ ሸምድጄዋለሁ። በሙያው ሃያ ዓመት ያህል ከሠራሁ በኋላ ግን ይህ ሥዕል ያታልላል ወደሚል መደምደሚያ ደርሻለሁ። ዓመቶቹ ትክክል ናቸው፤ ስሞቹም ትክክል ናቸው። የሚያታልለው ደረጃው ነው። ሥዕሉ የሚያሳየው መውጣትን ብቻ ነውና። የኮምፒውተር ቋንቋዎች ታሪክ ግን መውጣት ብቻ አይደለም፤ መውረድም አለበት። ያገኙትን መጣል፣ የጣሉትን ደግሞ ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በኋላ እንደ አዲስ ግኝት ማንሳትም አለበት።

“ይህ የባለሙያዎች የቤት ውስጥ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?” የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ያገባናል። ደመወዛችን የሚገባበት ባንክ፣ አገር ቤት ላለች እናታችን ገንዘብ የምንልክበት ስልክ፣ የታመምን ዕለት መዝገባችን የሚወጣበት የሆስፒታል ኮምፒውተር፣ ሁሉም በእነዚህ ቋንቋዎች በተጻፈ ኮድ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ዛሬ አንድ ጥያቄ ብቻ ላንሳ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ መድኃኒቱን የሚያውቅ ሙያ፣ በሽታውን ስድሳ ዓመት ሙሉ ለምን ተሸክሞ ኖረ? ዋጋውንስ የከፈለው ማን ነው? (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በሽታው ምንድን ነው?

ከሙያው ውጭ ላለ አንባቢ ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። አገር ቤት ፖስታ ቤት ግድግዳው ላይ በተርታ የተደረደሩትን የፖስታ ሣጥኖች አስታውሱ። ሃያ ሣጥኖች አሉ እንበል። ለሠራተኛው “ይህን ደብዳቤ ሣጥን ቁጥር 21 ውስጥ ክተት” የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል። ሃያ አንደኛ ሣጥን ግን የለም። ጤነኛ ሠራተኛ “እንዲህ ያለ ቁጥር የለም” ብሎ ደብዳቤውን ይመልሳል። ሌላ ዓይነት ሠራተኛም አለ። እርሱ ሣጥኖቹን አይቆጥርም። ሃያ አንደኛው ቢኖር ኖሮ ይገኝበት ወደነበረው ቦታ እጁን ይሰድና እዚያ ያገኘው ነገር ውስጥ ይከትተዋል። እዚያ ያለው የገንዘብ ያዡ መሳቢያ ቢሆንም ግድ የለውም። “ከቁጥር 21 አውጥተህ ስጠኝ” ሲሉትም ከመሳቢያው ያገኘውን አውጥቶ ያስረክባል። ይህን ጠባዩን ያወቀ ሌባ ምን እንደሚያደርግ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

የኮምፒውተር ሜሞሪም እንዲህ ያለ የሣጥን ተርታ ነው። አንዳንድ ቋንቋዎች እንደ መጀመሪያው ሠራተኛ ናቸው፤ እያንዳንዱን ቁጥር ከድንበሩ አለማለፉን ይፈትሻሉ። ሌሎቹ እንደ ሁለተኛው ናቸው። መፈተሽ ዋጋ አለው፤ በየጊዜው “ቁጥሩ ከሃያ ይበልጣል ወይ?” ብሎ መጠየቅ የማሽኑን ጥቂት ጊዜ ይወስዳል። እንግዲህ የዚህ ሁሉ ዘመን ክርክር ይህች ትንሽ ጥያቄ ትጠየቅ ወይስ ትቅር የሚል ነው።

ያኔም ይታወቅ ነበር

በ1957 የአይቢኤሙ ጆን ባከስና ጓደኞቹ ፎርትራንን ለአይቢኤም 704 ኮምፒውተር አስረከቡ። በዚያን ጊዜ የነበሩ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ትልቁ ጥርጣሬ “ማሽን የሚጽፈው ኮድ እኛ በእጃችን ከምንጽፈው ይዘገያል” የሚል ነበር። ስለዚህ የባከስ ቡድን ከጉልበቱ ብዙውን ያፈሰሰው ኮምፓይለሩ የሚያወጣው ኮድ በእጅ ከተጻፈው ጋር እንዲወዳደር ለማድረግ ነው። ተሳካላቸውም። ፍጥነት ከልደቱ ጀምሮ የዚህ ሙያ ጣዖት ነበር ብል ብዙ ያጋነንኩ አይመስለኝም።

በጃንዋሪ 1960 ደግሞ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የተውጣጡ 13 ሰዎች ፓሪስ ላይ ተሰብስበው አልጎል 60 የተባለውን ቋንቋ ቀረጹ። በዚያው ዓመት ቶኒ ሆር የሚባል ወጣት ኤሊየት ብራዘርስ በተባለ የእንግሊዝ ኮምፒውተር አምራች ተቀጠረ፤ የአልጎል ኮምፓይለር የሚሠራውን ቡድንም መራ። ሆርና ጓደኞቹ ከመጀመሪያው አንድ መመሪያ አወጡ፤ ማንኛውም ፕሮግራም ተርታ ውስጥ ሲገባ፣ ድንበር አለማለፉ በሥራ ላይ እያለ በየጊዜው ይፈተሻል የሚል ነው። እዚህ ላይ የማሽኖቹን አቅም አንርሳ። ዛሬ እጃችን ላይ ከምናስረው ሰዓት ጋር እንኳ የማይወዳደሩ ነበሩ።

ከዓመታት በኋላ ለደንበኞቻቸው አንድ ጥያቄ አቀረቡ። ሙከራችሁን ጨርሳችሁ ፕሮግራሙ ሥራ ላይ ሲውል፣ ፍጥነት እንድታተርፉ ፍተሻውን የምታጠፉበት ማብሪያ ማጥፊያ እንስጣችሁ ወይ? ደንበኞቹ በአንድ ድምፅ እንዳታደርጉት አሉ። ይህ ዓይነት ስህተት በሥራ ላይ ባለ ፕሮግራም ምን ያህል ጊዜ እንደሚደርስ ከራሳቸው ልምድ ያውቁ ነበርና። ልብ በሉ፤ እነዚህ ፈላስፎች አይደሉም። በቀስተኛ ማሽን ላይ ሥራቸውን የሚሠሩ፣ ለእያንዳንዷ ሰከንድ የሚከፍሉ ተራ ደንበኞች ናቸው። ተጠይቀው የመለሱትም እነርሱ ናቸው። በኋላ በመጡት ዘመናት ተጠቃሚውን እንዲህ ብሎ የጠየቀ ብዙ ሰው አላውቅም።

አትላንቲክን ተሻግሮም ዕውቀቱ ነበር። የአሜሪካው በሮውስ ኩባንያ በ1961 ያስተዋወቀው ቢ 5000 የተባለ ማሽን አልጎልን ታሳቢ አድርጎ የተሠራ ነበር። የድንበሩን ፍተሻ የሚያደርገው የማሽኑ አካል ራሱ ነው። እንግዲህ “ያኔ አይታወቅም ነበር” የሚለው ማመካኛ በዚሁ ያበቃል።

ይህን ስል ሆርን ጻድቅ ለማድረግ አይደለም። እርሱ ራሱ በ1965 ከስዊዘርላንዳዊው ኒክላውስ ቪርት ጋር አልጎል ደብልዩ የተባለውን ቋንቋ ሲቀርጽ፣ “ነል” የምንለውን ባዶ ጠቋሚ አስገባበት። ባዶ ጠቋሚ ማለት የቤት አድራሻ መስሎ የትም የማያደርስ ወረቀት ነው። ፕሮግራሙ አድራሻውን አምኖ ሲሄድ ገደል ይገባል። ሆር በ2009 ለንደን ላይ ባደረገው ንግግር ይህን የቢሊዮን ዶላር ስህተቱ ብሎ ይቅርታ ጠይቆበታል። ለምን አስገባኸው ሲባል የሰጠው ምክንያት፣ ለመሥራት እጅግ ቀላል ስለነበር ፈተናውን መቋቋም አቃተኝ የሚል ነው። የሚያውቅ ሰው እንኳ ቀላሉ መንገድ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላገኘሁም።

የጣና ታንኳ ውቅያኖስ ላይ

አሁን ወደ ዋናው መታጠፊያ ልምጣ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ቤል ላብስ በተባለው የምርምር ተቋም፣ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይሠሩ ነበር። ሪቺ ለዚህ ሥራ ሲ የተባለውን ቋንቋ ፈጠረ። ቅርጹን በ1972 አካባቢ ያዘ፤ በ1973 ዩኒክስ ራሱ በሲ እንደገና ተጻፈ። ሥራውን ሲጀምሩ የነበራቸው የፒዲፒ-11 ማሽን 24 ኪሎባይት ሜሞሪ ነበረው። ዛሬ ስልካችን የሚያነሳው አንድ ፎቶግራፍ ከዚህ ከመቶ እጥፍ በላይ ቦታ ይይዛል።

በሲ ውስጥ የተርታ ስም ማለት የመጀመሪያው ሣጥን አድራሻ ማለት ነው፤ ተርታው ወደ ሌላ የፕሮግራሙ ክፍል ሲተላለፍ የሣጥኖቹ ብዛት አብሮት አይሄድም። ጽሑፍም ቢሆን ርዝመቱ አይመዘገብም፤ መጨረሻው ላይ ዜሮ ይቀመጣል፤ አንባቢው ዜሮ እስኪያገኝ ድረስ ይጓዛል። ዜሮው ከጠፋ የማቆሚያው ቦታም ይጠፋል። ስለዚህ የሲ ሠራተኛ ቁጥር 21 እንደሌለ የማያውቀው በስንፍናው ብቻ አይደለም። የሣጥኖቹን ብዛት የነገረው የለም።

ሪቺን መውቀስ አልፈልግም። በዚያች ክፍል፣ በዚያ ማሽን፣ አንዱ የሌላውን ኮድ በሚያነብባቸው ጥቂት ብርቱ ባለሙያዎች መካከል ውሳኔው ስሜት ይሰጣል። ችግሩ የመጣው ሲ ከዚያች ክፍል ሲወጣ ነው። የቤል ላብስ ባለቤት የነበረው ኤቲ ኤንድ ቲ በ1956 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በደረሰበት የፍርድ ቤት ስምምነት ከስልክ ሥራ ውጭ ንግድ እንዳይገባ ተገድቦ ስለነበር፣ ዩኒክስን እንደ ሸቀጥ ሊሸጠው አልቻለም። ለዩኒቨርሲቲዎች ከነምንጭ ኮዱ በርካሽ ሰጣቸው። አንድ ትውልድ ተማሪ በርሱ ላይ አደገ፤ ተመርቆም ሲን ይዞ ወደ ኩባንያዎች ገባ። ሲ ፈጣንና ከማሽን ወደ ማሽን ለመውሰድ የሚመች መሆኑ በእርግጥ ረድቶታል። ነገር ግን ዓለምን የያዘው “ከሁሉ የተሻለው የትኛው ነው?” ተብሎ ተመዝኖ አይደለም። በርካሽ የመጣና ሁሉም የለመደው ስለሆነ ነው።

ጣና ላይ ዓሣ ለማጥመድ በደንገል የተሠራች ታንኳ ለዚያ ሥራ እንከን የላትም። እርሷን ይዞ ውቅያኖስ የገባ ሰው ሲሰጥም፣ ታንኳዋን የሠራውን ሽማግሌ ነው ወይስ ወደ ውቅያኖስ የላካትን የምንጠይቀው? ማሽኖቹ በሺህ፣ ከዚያም በሚሊዮን እጥፍ አደጉ። ሳይፈተሽ እንዲታለፍ ያስገደደው የአቅም እጥረት ቀረ። ልማዱ ግን አልቀረም። ፍርዴ ይህ ነው፤ ይህ በታሪክ አጋጣሚ የመጣ የአንድ ዘመን ችግር መፍትሔ የባለሙያ ኩራት ሆኖ ተወረሰ።

ሆር በ1980 የሙያውን ትልቁን ክብር፣ የቱሪንግ ሽልማትን ሲቀበል ባደረገው ንግግር ያንን የደንበኞቹን መልስ አንስቶ፣ የቋንቋ ቀራጮችና ተጠቃሚዎች እስካሁን ትምህርቱን አልተማሩም አለ። በሌላ በማንኛውም የተከበረ የምሕንድስና ዘርፍ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለውን መሠረታዊ ጥንቃቄ መተው በሕግ የተከለከለ ይሆን ነበር የሚል ሐሳብም ጨመረ። ንግግሩ ታተመ፤ ተነበበ፤ ተጠቀሰ። ኮዱ ግን እንዳለ ቀጠለ።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም

እዚህ ላይ ሌላውን ብቻ ከሳሽ ሆኜ እንዳልታይ የራሴን ልናገር። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለመለኪያ መሣሪያ በሲ ኮድ እጽፍ ነበር። አንድ ቦታ ላይ “ያንሳል” ማለት ሲገባኝ “ያንሳል ወይም እኩል ነው” የሚለውን ምልክት ጻፍኩ። የአንዲት ምልክት ልዩነት ናት። ፕሮግራሜ ከተርታው አንድ ሣጥን አልፎ ጻፈ፤ እዚያ የተቀመጠው ደግሞ መሣሪያው ልኬቱን የሚያስተካክልበት ቁጥር ነበር። መሣሪያው አልተበላሸም፤ አልቆመም፤ አልጮኸም። አንዳንድ ቀን ብቻ ትንሽ ይዋሽ ነበር። ስህተቱን ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ቢቆምልኝ ኖሮ በአንድ ከሰዓት በኋላ አገኘው ነበር።

በዚያን ጊዜ አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ትከሻዬን ቸብ አድርጎ፣ “ሲ እንዲህ ነው፤ መጠንቀቅ ነው እንጂ” አለኝ። ማጽናናቱ ነበር፤ እኔም ተጽናናሁ። እንዲያውም ኮራሁ፤ አሁን ከወንዶቹ ተቆጠርኩ ብዬ። ከአሥር ዓመት በኋላ አንዲት ጀማሪ መሐንዲስ በተመሳሳይ ስህተት ስትሠቃይ አይቼ ያንኑ ቃል ሳልለውጥ ነገርኳት። እርሷ ግን አልተጽናናችም። “መቁጠር ማሽን ከሰው የሚበልጥበት ሥራ ነው፤ ታዲያ ለምን እርሱ አይቆጥርልንም?” ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ያን ዕለት ማታ ነው ከላይ የጠቀስኩትን የሆርን ንግግር ፈልጌ ያነበብኩት። በማስተርስ ትምህርቴ ስለ ቋንቋዎች ታሪክ ተፈትኜ አልፌያለሁ፤ ይህን ገጽ ግን ማንም አላስነበበኝም። እኔም አልፈለግሁትም።

ሒሳቡ ሲመጣ

የእኔ ስህተት ያስከፈለው ሦስት ሳምንት ነው። የሌሎቹን እንይ። በኖቬምበር 2፣ 1988 ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለቀቀው ትል፣ በወቅቱ ኢንተርኔት ላይ ከነበሩት ማሽኖች ወደ 6,000 የሚገመቱትን አጠቃ። ከገባባቸው በሮች አንዱ፣ 512 ባይት በተመደበለት ቦታ ላይ የመጣውን ሁሉ ሳይቆጥር የሚቀበል የዩኒክስ ፕሮግራም ነበር። ያ ፕሮግራም የተጠቀመበት ጌትስ የተባለው የሲ ትእዛዝ የመጪውን ጽሑፍ ርዝመት የሚገድብበት ምንም መንገድ የለውም። ታዲያ ይህ ትእዛዝ ከሲ ቋንቋ ደረጃ መቼ የወጣ ይመስላችኋል? በ2011። አደጋው በደረሰ በ23 ዓመቱ! አንድ ድልድይ በአንድ ዓይነት ብሎን ምክንያት ቢወድቅ፣ ያንን ብሎን ከመሐንዲሶች መመሪያ ለማውጣት 23 ዓመት እንጠብቅ ነበር?

በጃንዋሪ 2003 ስላመር የተባለ ትል መጣ። ርዝመቱ 376 ባይት ብቻ ነው፤ ከዚህ አንቀጽ ያነሰ ማለት ነው። ቢያንስ 75,000 ማሽኖችን ያዘ፤ ሊያዙ ከሚችሉት አብዛኞቹን የያዘውም በአሥር ደቂቃ ውስጥ ነው። የባንክ ገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ቆሙ፤ በረራዎች ተስተጓጎሉ። በኤፕሪል 2014 ደግሞ ሃርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ ተገለጠ። የኢንተርኔትን ምስጢር በሚጠብቀው ኦፕን ኤስኤስኤል ውስጥ፣ ጠያቂው “ይህን ያህል መልስልኝ” ሲል ያለውን ቁጥር ሳይፈትሽ፣ ከሰርቨሩ ሜሞሪ በአንድ ጊዜ እስከ 64 ኪሎባይት አፍሶ የሚሰጥ ኮድ ተገኘ። የገንዘብ ያዡ መሳቢያ ማለት ይኸው ነው። በካናዳ የገቢዎች መሥሪያ ቤት በዚህ ቀዳዳ ወደ 900 የሚሆኑ ሰዎች የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ተወስዷል።

በጁላይ 19፣ 2024 ደግሞ አየር ማረፊያዎች በሰው ሲጨናነቁ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሲሰርዙ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። ክራውድስትራይክ የተባለው ኩባንያ በላከው ማሻሻያ ምክንያት፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ወደቁ። ኩባንያው ራሱ ባወጣው ዘገባ መሠረት ምክንያቱ ምን ነበር? ፕሮግራሙ 21 ግብአት ይጠብቃል፤ የቀረበለት 20 ነው። ሃያ አንደኛውን ፍለጋ ከተርታው ውጭ ወጥቶ አነበበ። ምሳሌዬን በሃያ ሣጥን የጀመርኩት በከንቱ እንዳልሆነ አሁን አንባቢ ይረዳልኛል። ከአደጋው በኋላ ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ ያንን የድንበር ፍተሻ መጨመር ነበር። የኤሊየት ደንበኞች በ1960ዎቹ አታጥፉብን ያሉትን ማለት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህን ነው።

“ጎበዝ ፕሮግራመር አይሳሳትም”

የሲ ወዳጆች የሚሰጡት መልስ አለ፤ ቀለል አድርጌ ማለፍ አልፈልግም። “ጥፋቱ የቋንቋው አይደለም፤ የሰነፍ ፕሮግራመር ነው” ይላሉ። እኔም ብዬዋለሁ። ነገር ግን ማይክሮሶፍት በ2019 ባቀረበው ጥናት፣ በየዓመቱ ከሚያርማቸው የደኅንነት ቀዳዳዎች 70 በመቶ ያህሉ እንዲህ ያሉ የሜሞሪ ስህተቶች መሆናቸውን ገልጿል። የጉግል ክሮም ቡድንም በ2020 ስለ ከባድ የደኅንነት ቀዳዳዎቹ የሰጠው ቁጥር ያው 70 በመቶ አካባቢ ነው። እነዚህ ኩባንያዎች በገንዘብ የሚገኙ ምርጥ ባለሙያዎችን የሚቀጥሩ ናቸው። ምርጦቹ በገፍ የሚሳሳቱበትን ነገር የግለሰብ ስንፍና ብሎ መጥራት ራስን ማታለል ነው።

ሌሎች ደግሞ “ጃቫ በ1995 መጥቶ ችግሩን ፈትቶታል” ይላሉ። ከፊሉ እውነት ነው። ጃቫ የድንበር ፍተሻን ለብዙኃኑ መለሰ፤ ባዶ ጠቋሚውን ግን ይዞ ቀጠለ። የቤቱ መሠረት፣ ማለትም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ ብራውዘሩ፣ የኔትወርክ ኮዱ በሲና በልጁ በሲ ፕላስ ፕላስ እንደተጻፈ ቀረ። “አሜሪካ መንግሥት አዳ የተባለውን ቋንቋ በትእዛዝ ሞክሮት የለም ወይ?” ለሚሉም መልሱ አዎ ነው። አዳ ይፈትሻል። መከላከያ ሚኒስቴሩ ግን ግዴታውን በ1997 አነሳው። ሆር ራሱ በዚያው በ1980 ንግግሩ አዳን ከመጠን በላይ ውስብስብ ነው ብሎ ተችቶታል። ስለዚህ በላይኛው ትእዛዝ ብቻም አይሆንም።

አሁን የወጣቶቹ መዝሙር ረስት ነው። ግሬደን ሆር የተባለ ባለሙያ በ2006 በግሉ የጀመረው፣ ሞዚላ ያሳደገው፣ የመጀመሪያው ሙሉ እትሙ በሜይ 2015 የወጣ ቋንቋ ነው። እያንዳንዱ የሜሞሪ ዕቃ አንድ ባለቤት እንዲኖረው ያስገድዳል፤ ብዙውን ስህተት ፕሮግራሙ ገና ሳይሠራ ኮምፓይለሩ ይይዘዋል፤ የቀረውን ሲሠራ ይፈትሻል። ውጤቱ በቁጥር ታይቷል። ጉግል በሴፕቴምበር 2024 እንዳስታወቀው፣ በአንድሮይድ የደኅንነት ቀዳዳዎች ውስጥ የሜሞሪ ስህተቶች ድርሻ በ2019 ከነበረበት 76 በመቶ በ2024 ወደ 24 በመቶ ወርዷል። ያውም አሮጌውን ኮድ ሁሉ እንደገና ጽፈው አይደለም፤ አዲሱን በረስትና በሌሎች በሚፈትሹ ቋንቋዎች መጻፍ ስለጀመሩ ብቻ ነው።

ደስ ይላል። ነገር ግን ረስትን የደረጃው አዲስ እርከን አድርገው የሚስሉትን ሳይ ያው የድሮው ሥዕል ተመልሶ ሲመጣ ይታየኛል። የረስት ሐሳቦች አብዛኞቹ ከ1970ዎቹ እስከ 1990ዎቹ በምርምር ቤቶች የበሰሉ ናቸው፤ ፈጣሪው ራሱም ቋንቋውን ሲያስተዋውቅ ከድሮ የተወሰደ ቴክኖሎጂ መሆኑን አልሸሸገም። የዘገየው ዕውቀቱ አልነበረም። የዘገየው ፈቃዱ ነው።

ታዲያ ለምን?

በእኔ እምነት ምክንያቱ ቀላል ነው። ፍጥነቱን የሚያተርፈው አንዱ፣ አደጋውን የሚሸከመው ሌላው ስለሆነ ነው። ፍተሻውን የሚተወው ኩባንያ ፈጣን ሆኖ ገበያ ላይ ይታያል። ቁጥሯ የተሰረቀባት የካናዳ ጡረተኛ፣ ቀዶ ሕክምናው የተሰረዘበት በሽተኛ ማንም ምርጫ ያቀረበላቸው የለም። አገር ቤት ያለው ባንክና ሆስፒታልም የሚጠቀመው ያንኑ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ውሳኔው በተሰጠበት ክፍል ውስጥ ግን ወንበር አልነበረውም። ሶፍትዌር ስንጭን ሳናነብ “እስማማለሁ” የምንለው ውል፣ ዕቃውን ከነጉድለቱ እንዳለ ተቀበል የሚል ነው። የድልድይ ሠሪ እንዲህ ያለ ውል አስፈርሞን ቢሆን ኖሮ ማን ይሻገር ነበር?

በፌብሩዋሪ 2024 የአሜሪካ ዋይት ሀውስ የሳይበር ጽሕፈት ቤት አምራቾች ሜሞሪን ወደሚጠብቁ ቋንቋዎች እንዲሻገሩ የሚጠይቅ ዘገባ አወጣ። በአውሮፓ ኅብረት በዲሴምበር 2024 የጸና አዲስ የሳይበር ሕግም በአምራቾች ላይ ኃላፊነት ይጥላል፤ ዋና ዋና ግዴታዎቹ በዲሴምበር 2027 እንዲጀምሩ ተወስኗል። ሆር በ1980 ሕግ ሲል ያሰበው ይህንኑ መሆኑ ነው። ሕጉ ይሠራል ወይ? ወደፊት እናየዋለን። ዋጋውን ወሳኙ ራሱ እንዲከፍል ካላደረገ ግን በወረቀት ይቀራል ባይ ነኝ።

አበው “የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም” ይላሉ። በእኛ ሙያ ግን ነገሩ ከዚህም የከፋ ነው። የወጋው መውጋቱን አያውቅም፤ ጥንቃቄ የጎደለው ሰው እንደሆነ ብቻ ይነገረዋል። የተወጋውም ማን እንደወጋው አያውቅም፤ “ሲስተሙ ወድቋል” ይባላል፤ እርሱም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሁለቱም ካላስታወሱ ታሪኩን የሚይዘው ማን ነው? ያንን የደረጃ ሥዕል የምንጠላው ለዚህ ነው። የመርሳት መሣሪያ ነውና።

በየከተማው ቅዳሜና እሑድ የወገን ልጆችን ሰብስባችሁ ኮድ የምታስተምሩ ባልደረቦቼ አላችሁ። ልጆቹ “ከሁሉ የሚሻለው ቋንቋ የትኛው ነው?” ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። እኔ ከእንግዲህ የቋንቋ ስም አልነግራቸውም። ስለ ሃያዎቹ ሣጥኖችና ስለ ኤሊየት ደንበኞች እነግራቸዋለሁ። ከዚያም ያቺ ጀማሪ መሐንዲስ የጠየቀችኝን ጥያቄ መልሼ እጠይቃቸዋለሁ። መልሱን እኔ ዘግይቼ ነው ያገኘሁት፤ እነርሱ ሳይዘገዩ ቢያገኙት እመርጣለሁ።

ቸር ይግጠመን።